የጋራ ቤት በነፍስ ወከፍ ይከፈላልን?



በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይኸውም አንድ የአካባቢ ምክር ቤት ረዳት ለሚሹ አዋቂዎች የሚሰጠውን የቀን አገልግሎት እንደ አዲስ ሲያደራጅ ምን ሊያደርግ ይገባዋል? የሚል ነው። ጠለቅ ብለን ስናየው ግን ሰው ለሰው ምን ዕዳ አለበት? ወደሚለው የቆየ ጥያቄ ያደርሰናል። ምሳሌያችንን የምንወስደው ከእንግሊዝ አገር ነው። በዚያ አገር ነገሩ በሕግ ስለተጻፈ፣ በፍርድ ቤትም ክርክር ስለተደረገበት ጥያቄውን አጥርቶ ለማየት ያመቻል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የቀን መዋያ የሚባለው ምን እንደሆነ እንረዳ። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው፣ በእርጅና ወይም በመርሳት በሽታ የደከሙ፣ አካላቸው የተጎዳ ሰዎች ጠዋት ከየቤታቸው በመኪና ተወስደው፣ ቀኑን በአንድ ቤት አብረው ውለው፣ ከሰዓት በኋላ የሚመለሱበት ሥፍራ ነው። በዚያ ምሳ ይበላሉ፤ የእጅ ሥራ ይሠራሉ፤ ይጫወታሉ። በዚያው ሰዓት ቤት የቀረችው እናት ወይም ሚስት ገበያ ትወጣለች፤ ሥራዋን ትሠራለች፤ ወይም ጥቂት ጋደም ትላለች። ስለዚህ አንዱ ቤት ሁለት ሰው ያሳርፋል ማለት ነው።

ይህ አገልግሎት በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። በ1948 የወጣው የብሔራዊ እርዳታ ሕግ ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረውን የድሆች ሕግ ሽሮ፣ የአካባቢ ምክር ቤቶች ለአካል ጉዳተኞች ደኅንነት የሚበጅ ዝግጅት እንዲያደርጉ ሥልጣን ሰጣቸው። በ1970 ደግሞ አልፍ ሞሪስ የተባሉት የፓርላማ አባል ያቀረቡት ሕግ ጸድቆ ሥልጣን የነበረው ነገር ግዴታ ወደ መሆን ተሸጋገረ። በቤት ውስጥ የሚሰጥ እርዳታም ሆነ ከቤት ውጭ የሚገኝ መዝናኛ፣ ለአንድ ችግረኛ አስፈላጊ መሆኑ ከታወቀ ምክር ቤቱ ሊያሰናዳለት ተገደደ።

ይሁን እንጂ የድሮዎቹ መዋያዎች ነቀፋ የሌለባቸው አልነበሩም። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ማሠልጠኛ ይባሉ በነበሩት ቤቶች ብዙዎች ለዓመታት ዕቃ ሲያሽጉና ሲገጣጥሙ ውለው የሚያገኙት ለኪስ የሚሆን ጥቂት ሳንቲም ነበር። ሥልጠናው የማያልቅ ሥልጠና ሆነ። ሰዎቹም ከቀረው ሕዝብ ተለይተው እርስ በርሳቸው ብቻ ይተያዩ ነበር። በ2001 መንግሥት ያወጣው የፖሊሲ ሰነድ መብትን፣ ራስን መቻልን፣ ምርጫንና ከኅብረተሰቡ ጋር መቀላቀልን አራት መሠረቶች አድርጎ፣ የቀን አገልግሎቶች እስከ 2006 ድረስ እንዲታደሱ ያሳሰበው ስለዚህ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1996 የወጣ ሕግ ምክር ቤቶች አገልግሎቱን ራሳቸው በማቅረብ ፈንታ ገንዘቡን ለባለጉዳዩ በእጁ እንዲሰጡ ፈቅዶ ነበር። ይህም ቀጥተኛ ክፍያ ይባላል።

እንግዲህ ጥያቄው የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰዎችን በሐሳባችን እንሣል። አንዲቱ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ናት። መዋያው ያፍናታል፤ ዳቦ ቤት ገብታ መሥራትና ከእኩዮቿ ጋር መዋል ትፈልጋለች። ሁለተኛው የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። ብዙ አይናገርም። ነገር ግን ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ወንበር፣ ከአንድ ጓደኛው አጠገብ ተቀምጦ ሻይ ጠጥቷል። ጓደኛው ሲቀርበት በር በሩን ያያል። ምክር ቤቱ መዋያውን ዘግቶ ለሁለቱም ገንዘቡን ቢያካፍላቸው ወጣቷ ነፃ ትወጣለች። ሰውየው ግን በሳምንት ጥቂት ሰዓት ገበያ የሚያዞረው ተቀጣሪ ረዳት ያገኛል፤ ጓደኛውን ያጣል። በወረቀት ላይ ሁለቱም እኩል ተቀብለዋል። በኑሮ ግን አንዷ አተረፈች፣ ሌላው ከሰረ።

ታዲያ የፈለገ ይሂድ፣ የፈለገ ይቅር ቢባልስ? የሚል አይጠፋም። መልካም አሳብ ነው፤ ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከት። ሠላሳ ሰው የሚውልበት ቤት በቀን 600 ፓውንድ ይፈጃል እንበል። ለእያንዳንዱ 20 ፓውንድ ይደርሳል። አሥራ ሁለቱ ድርሻቸውን ይዘው ቢወጡ የቤቱ ኪራይ፣ የሾፌሩና የሠራተኛው ደመወዝ እምብዛም አይቀንስም። ወጪው ባለበት ቢቆይ በቀሩት አሥራ ስምንት ሰዎች ላይ ለእያንዳንዱ ከ33 ፓውንድ በላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ ሒሳብ ሹሙ ‹‹ቤቱ ውድ ሆኗል›› ብሎ ይጽፋል። በሚቀጥለው ዓመት ቤቱ ይዘጋል። ቤቱ ይዘጋ ብሎ የመረጠ አንድም ሰው የለም፤ እያንዳንዱ የመረጠው ለራሱ ብቻ ነበር።

ከዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በዓለም ላይ ሲከፋፈሉ የማይጎድሉ ነገሮች አሉ፤ እህልና ገንዘብ ይህን ይመስላሉ። ሲከፋፈሉ ጨርሰው የሚጠፉም አሉ። የእድራችንን ድንኳንና ድስት ሸጠን ገንዘቡን ለየአባሉ ብናድል ማንም ድርሻውን አልተነጠቀም። ሐዘን በመጣ ቀን ግን አብሮ የሚቀመጥ አይገኝም። የቀን መዋያም እንዲሁ ነው። ወንበሩና ምሳው ይተመናል፤ አንድ ሰው ሲቀር ‹‹ምን ሆኖ ይሆን?›› ብሎ የሚጠይቅ ጓደኛ ግን በነፍስ ወከፍ አይታደልም። በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት መዋያዎች ሲዘጉ፣ ከዚያም በኋላ ብዙዎቹ ሳይከፈቱ ሲቀሩ፣ ቤተሰቦች ያጡት ይህንኑ ነበር።

ከሌላው ወገን የሚቀርበውን ክርክር ችላ ማለት አይገባንም። ምክር ቤት ገንዘብ አያትምም። በእንግሊዝ አገር የአካባቢ ምክር ቤት በየዓመቱ ገቢና ወጪውን እንዲያመዛዝን በሕግ ይገደዳል። በ2023 የበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት ወጪውን መሸፈን እንደማይችል በይፋ አስታውቋል። ጥበቃ የሚሹ ሕፃናትም፣ መጠለያ ያጡ ቤተሰቦችም ከዚያው ካዝና ይጠብቃሉ። ለአንዱ የተሰጠው ከሌላው የተወሰደ ነው።

ይህ ክርክር በ1997 በሎርዶች ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ እርሱ ነበር። ማይክል ባሪ የተባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ከግሎስተርሺር ምክር ቤት የቤት ጽዳትና የልብስ አጠባ እርዳታ ያገኙ ነበር። በ1994 ምክር ቤቱ ገንዘብ ስላነሰው እርዳታውን አቋረጠ። የሽማግሌው ድካም አልተቃለለም፤ የጎደለው ካዝናው ነው። ታዲያ የሚያስፈልጋቸው ነገር ቀነሰ ማለት ይቻላልን? ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ፣ ምክር ቤቱ አንድ ሰው ምን ያስፈልገዋል ብሎ ሲመዝን የገንዘብ አቅሙንም ማየት ይችላል ብለው ፈረዱ። ሁለቱ ግን ተቃወሙ።

እኛስ ከማን ጋር እንቁም? እንደ እኔ አስተያየት ሦስቱ ዳኞች ስለ ምክር ቤቱ ችግር የተናገሩት እውነት ነው፤ ሁለቱ ግን ስለ ሰውየው የተናገሩት እውነት ነው። የተራበ ሰው እንጀራ ስለጠፋ አይጠግብም። ‹‹ያስፈልግሃል፤ ነገር ግን አልቻልንም›› ማለትና ‹‹አያስፈልግህም›› ማለት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው መራራ እውነት ነው፤ ዕዳው እንዳልተከፈለ ስለሚታወቅ ነገ ሊጠየቅ ይችላል። ሁለተኛው ዕዳውን ከመዝገብ ይፍቀዋል። ‹‹ዘመናዊ አደረጃጀት›› የሚለው ቃል የገንዘብ ማነስን ለመሸፈን ሲውል ጥፋቱ ከዚህ ይመነጫል።

ሕጉም ቢሆን እየተሻሻለ ሄዷል። በ2014 የወጣው የእንክብካቤ ሕግ የሰውን ደኅንነት የሥራው ሁሉ መነሻ አደረገ፤ ከ2015 ጀምሮም ለመላው እንግሊዝ አንድ ዝቅተኛ መለኪያ ተደነገገ። ከመለኪያዎቹ አንዱ ሰውየው ከቤተሰቡ ወይም ከወዳጆቹ ጋር ያለውን ግንኙነት ጠብቆ ማቆየት መቻሉ ነው። እንግዲህ ያ በር በሩን የሚያየው ሰው ጓደኛውን መፈለጉ ቅብጠት አይደለም፤ በሕግ ሚዛን ላይ የሚወጣ ነገር ነው።

የቀረው አጠያየቁ ነው። በ1985 በብሬንት ስለ ትምህርት ቤቶች በተነሣ ክርክር የተቀመጡትን፣ በ2014 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያጸናቸውን አራት ደንቦች ልብ እንበል። ሕዝብ የሚጠየቀው ውሳኔው ገና ሳይጸና ነው፤ በቂ ምክንያት ይነገረው፤ በቂ ጊዜ ይሰጠው፤ መልሱም በቅን ልቡና ይታሰብበት። እንዲሁም በ2005 የወጣው ሕግ አንድ ሰው መወሰን አይችልም ከመባሉ በፊት እንዲወስን የሚረዳው መንገድ ሁሉ እንዲሞከር ያዛል። ወፍራም መጠይቅ በፖስታ ልኮ ‹‹አልመለሰም›› ማለት ጥያቄ አይደለም። የማይናገረውን ሰው ለመጠየቅ አጠገቡ ተቀምጦ ማንን እንደሚፈልግ፣ መቼ እንደሚስቅ፣ መቼ እንደሚከፋው ማየት ያስፈልጋል። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ገንዘብም ይጠይቃል፤ ግን አቋራጭ የለውም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ወጣቷን በግድ መዋያው ውስጥ እናስቀምጣት ማለታችን አይደለም። ትሂድ፣ ትሥራ፣ ይቅናት። ነገር ግን የርሷን ነፃነት ዋጋ የሃምሳ ዓመቱ ሰው ብቻውን እንዲከፍል መተው ፍትሕ አይሆንም። የጋራውን ቤት የመጠበቅ ኃላፊነት የተመረጠው ምክር ቤት ነው፤ ለራሳቸው የሚመርጡት ደካሞች አይደሉም። ከመካከላችን ነገ በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ የሚፈርም አይጠፋም። ያ ሰው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ከሁሉ የበለጠ የሚጎዳው ማን ነው? እርሱስ በሚገባው መንገድ ተጠይቋል? አሮጌው በር ከመዘጋቱ በፊት፣ ከነጓደኛው የሚገባበት ሌላ በር ተከፍቶለታል? መልሱ ‹‹ገና ነው›› ከሆነ ወረቀቱ ይቆይ።