ስለት እና ሕሊና

የቀድሞ ባለሙያዎች የሠሩትን የአደን ቢላዋ እየፈለገ የሚሰበስብ ሰው፣ አሜሪካዊም ይሁን የአምባሰል ተወላጅ፣ ደም ያፈሰሰን ብረት በክብር ማኖር ለነፍስ ይገባ እንደ ሆነ ሕሊናውን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ስለት ግን ለሞት ብቻ አይውልም፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት፣ የገዳሙም መጻሕፍት ዝርዝር የተመዘገበበት ቅዱስ ወንጌል በብራና የተጻፈ ነው፤ ብራናም እንስሳው ታርዶ፣ ቆዳው ተገፎና ተወጥሮ፣ በስለት ተፍቆ የሚገኝ ሲሆን፣ የጸሐፊውም የመቃ ብርዕ ያለ ካራ አይቀረጽም። እንግዲህ በአዳኝ እጅ ሞትን ያመጣ ስለት በፋቂው እጅ ለቃለ እግዚአብሔር ማደሪያ አዘጋጅቷል። አብርሃምም በይስሐቅ ላይ ቢላዋ ባነሣ ጊዜ የተመረመረው ልቡ እንጂ ብረቱ አልነበረም፤ ጽድቅም ኃጢአትም የሚያድሩት በያዡ ፈቃድ ነውና።

የሰብሳቢውም ፍርድ ከዚሁ ይመነጫል። ለራሱ ብቻ የሚያከማች በፍቅረ ንዋይ ይጠመዳል፤ ገዳሙ መጻሕፍትን ለማኅበሩና ለትውልድ እንደ ጠበቀ የሚጠብቅ ግን አደራ ተቀባይ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በዐዋጅ ከልክለው ሳለ፣ ቢላዋውን እያከበረ ቀጥቃጩን የሚንቅ ሰው፣ የእጅ ሥራን አድንቆ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረውን ሰው አዋርዷልና፣ ስብስቡ ሁሉ ከንቱ ነው።