«በዐይኔ በብረቱ አየሁ» ማለት ይበቃልን?



በሽማግሌ ወይም በዳኛ ፊት ክርክር በተነሣ ጊዜ ነገሩን ሁሉ የሚቈርጥ አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «በዐይኔ በብረቱ አየሁ» የሚል ነው። ይህን የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ ዋሾ አይደለም። ዳሩ ግን ሰው ዋሾ ሳይሆን ሐሰት ሊመሰክር ይችላል። ይህ እንዴት ይሆናል ብትለኝ፥ በራሴ የደረሰውን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ሌላውን ከመገሠጽ በፊት ራስን መውቀስ ይገባልና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአገው ምድር በግምጃ ቤት ሳለሁ የአንድ ጎረቤታችን ጥቁር ፈረስ ጠፋ። አገው ፈረሱን እንዴት እንደሚያከብር የማያውቅ ሰው ቢኖር፥ ጥር 23 ቀን የፈረሰኞቹ በዓል በሚከበርበት ጊዜ ወደ እንጅባራ ሄዶ ይመልከት። ፈረሱ በጠፋበት ቀን፥ ለዐይን ያዝ ሲያደርግ፥ ከገበያ ስመለስ አንድ ጐበዝ ፈረስ እየሳበ ሲያልፍ አይቼ ነበር። ሽማግሎቹም በጠየቁኝ ጊዜ «ጥቁር ፈረስ ሲስብ በዐይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ» አልሁ። ጐበዙ «የሳብሁት የገዛ ፈረሴን ነው፤ እርሱም ዳማ ነው እንጂ ጥቁር አይደለም» ብሎ ማለ። ነገር ግን የሚያምነው አልተገኘም። እኔ የማስተምር ሰው ነበርሁ፥ እርሱ ግን ድኻ ነበረ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰላምታ የሚሰጠው ጠፋ፤ ልጄን እድርልሃለሁ ብሎ ቃል የገባለትም ሰው ከለከለው።

በስምንተኛው ቀን የጠፋው ፈረስ በሌላ መንደር ከፈረሶች ጋር ተቀላቅሎ ሲግጥ ተገኘ። እኔም አፍሬ ይቅርታ ልለምን ወደ ጐበዙ ሄድሁ። እርሱም «መምህር፥ ይቅርታው ይቈየን። ነገ በዚያችው ሰዓት በዚያው ስፍራ ይቁሙልኝ» አለኝ። በማግሥቱ ቆምሁ፤ እርሱም ዳማውን እየሳበ በፊቴ አለፈ። ፈረሱ ጥቁር ሆኖ ታየኝ። ዳማ መሆኑን እያወቅሁ ጥቁር ሆኖ ታየኝ!

ከዚህ በኋላ ነገሩን መመርመር ጀመርሁ፤ ምክንያቱንም አገኘሁ። በዐይናችን ውስጥ ብርሃንን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። አንዱ ዓይነት በቀን ቀለምን ይለያል፤ ሁለተኛው በጨለማ ጊዜ ያገለግላል፥ ነገር ግን ቀይን ከቶ አይመለከትም ለማለት ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ ፀሓይ ስትገባ ቀዩ ሁሉ ይጠቍራል። የቦሄምያው ሊቅ ያን ፑርኪኜ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1825 ዓ.ም. ስለዚህ ነገር ጽፎአል። አንተም ቀይ አበባን ከቅጠሉ ጋር በቀትር ተመልከት፤ ደግሞ ሊመሽ ሲል ተመልከት። በቀትር የሚያበራው አበባ በምሽት ከቅጠሉ ይልቅ ጠቍሮ ታገኘዋለህ።

ነገሩ በቀለም ብቻ አያበቃም። በነጭ ወረቀት ላይ በስተግራ መስቀል፥ ከእርሱም 8 ሳንቲ ሜትር ያህል በስተቀኝ ጥቁር ነጥብ አድርግ። ግራ ዐይንህን ጨፍን፤ በቀኝ ዐይንህ መስቀሉን ብቻ እየተመለከትህ ወረቀቱን ከፊትህ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቀህ ያዝ፥ ቀስ ብለህም አቅርበው፥ አርቀው። በአንድ ስፍራ ላይ ነጥቡ ፈጽሞ ይጠፋል። ከዐይን ወደ አንጐል የሚሄደው ጅማት በሚወጣበት ስፍራ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ ስለሌለ፥ በእያንዳንዱ ዐይናችን ዕውር ስፍራ አለ። ይህን ፈረንሳዊው ኤድም ማርዮት በ1668 ዓ.ም. አሳትሞ ገልጦታል። ነገር ግን ይህን ልብ በል፤ ነጥቡ በጠፋበት ስፍራ ቀዳዳ አይታይህም፤ ነጭ ወረቀት ይታይሃል። አንጐል ያላየውን ስፍራ በዙሪያው ባገኘው ቀለም ይሞላዋል፤ መሙላቱንም አይነግርህም።

ደግሞ በክረምት ዓባይ ሲሞላ ወደ ጢስ ዓባይ የሄድህ እንደ ሆነ፥ የሚወርደውን ውኃ አንድ ደቂቃ ያህል ሳትነቀንቅ ተመልክተህ ዐይንህን በአጠገቡ ወዳለው ገደል መልስ። ዓለቱ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስልሃል። ሮበርት አዳምስ የተባለ ሰው በ1834 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር በፎየርስ ፏፏቴ ይህንኑ አይቶ ጽፎአል። በአንጐል ውስጥ ቍልቍል የሚሄደውን የሚለዩት ሕዋሳት ሲደክሙ፥ ሽቅብ የሚሄደውን የሚለዩት ይበረታሉ፤ ዓለቱ ግን ከስፍራው አልተነቀነቀም።

አንተ የተማርህ ሰው ሆይ፤ «እኔ ምክንያቱን ስላወቅሁ አልታለልም» አትበል። ሙሉ ጨረቃ ከተራራ ሥር ስትወጣ ታላቅ መስላ ትታያለች፤ ወደ ሰማይ መካከል ስትደርስ ታንሳለች። ክንድህን ዘርግተህ በትንሿ ጣትህ ጥፍር ብትለካት ግን በሁለቱም ስፍራ መጠንዋ አንድ ነው። በ1040 ዓ.ም. ገደማ የሞተው ሊቅ ኢብን አል ሐይሠም የዐይንን ሥራ በብዙ የመረመረ ሰው ሲሆን፥ ይህ የአእምሮ ፍርድ መሆኑን አስተውሎ ነበር። ለክተህም ካወቅህ በኋላ ጨረቃይቱ እንደ ፊተኛው ታላቅ ሆና ትታይሃለች። ዕውቀት ስሕተቱን ከዐይን አያነሣም፤ በስሕተቱ ላይ ተመሥርቶ ከመፍረድ ግን ይከለክላል።

እንግዲህ እግዚአብሔር ዐይናችንን ለማታለል ሠራውን? አይደለም። በሣር ውስጥ የነብር ጅራት ብቻ የታየው መንገደኛ፥ ነብሩን ሙሉውን እስኪያይ ድረስ ቢጠብቅ ይበላ ነበር። ከጥቂቱ ብዙውን ቶሎ መገመት ለሕይወታችን የተሰጠ ጸጋ ነው። ለማምለጥ የተሰጠውን ግምት ለመፍረድ ስናውለው ግን ኀጢአት ይሆናል።

የከተማችን ስም ራሱ ይህን ያስተምረናል። የግምጃ ቤት ሹም የተረከበውን ቈጥሮ በመዝገብ ይጽፋል። ሦስት ጆንያ ተረክቦ ዐሥር ብሎ ቢጽፍ በሕግ ይጠየቃል። የእኛ አእምሮ ግን ከዐይን ሦስት ተረክቦ ዐሥር ይጽፋል፤ እኛም መዝገቡን ይዘን በሰው ላይ እንምላለን! ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ በእሴይ ቤት የኤልያብን ቁመት አይቶ ለንግሥና የተመረጠው እርሱ መስሎት ነበር፤ የተመረጠው ግን በጎችን ይጠብቅ የነበረው ታናሹ ሆነ።

ስለዚህ፥ ወዳጄ ሆይ፥ ሦስት ነገር ጠብቅ።

አንደኛ፥ ያየኸውን ከገመትኸው ለይተህ ተናገር። እኔ «በምሽት ጠቍሮ የታየኝ ፈረስ ነበር» ብል ኖሮ እውነት በሆነ፥ ማንንም ባልጐዳሁ።

ሁለተኛ፥ ከመመስከርህ በፊት ቅረብ፥ ለካ፥ በሌላ ሰዓት ተመልከት። የምስክሮችን ብዛት ብቻ አትመካበት፤ በዚያች ምሽት ዐሥር ሰዎች አብረውኝ ቢቆሙ ዐሥሩም ጥቁር ነው ባሉ ነበር።

ሦስተኛ፥ በማትወደው ወይም በምትንቀው ሰው ላይ ስትመሰክር እጅግ ፍራ። አንጐል ዕውሩን ስፍራ በዙሪያው ባለው ቀለም እንደሚሞላ፥ ልብም ያላወቀውን በዙሪያው ባለው ሐሜት ይሞላዋልና። የሐሰት ምስክርነትን የሚከለክለው ትእዛዝ ዐውቆ የሚዋሸውን ብቻ ሳይሆን፥ ሳይመረምር የሚምለውንም ይመለከታል።

እኔም ሽማግሎቹን ሰብስቤ፥ ቃሌን በሰጠሁበት ስፍራ ቆሜ ቃሌን መለስሁ። ጐበዙም ይቅር አለኝ። ነገር ግን ፈረሱ በስምንት ቀን ሲገኝ፥ የጐበዙ ስም እስኪመለስ ብዙ ወራት ፈጀ፤ ያች ልጅም ለሌላ ተዳረች። ይህን ልመልስለት አልቻልሁም። አንተ ግን ቃልህ ከአፍህ ሳይወጣ ገና ጊዜ አለህ። ዛሬ ማታ «በዐይኔ በብረቱ አየሁ» ልትል ስትነሣ፥ ያየኸው በምን ብርሃን እንደ ነበረ አስቀድመህ ራስህን ጠይቅ።

እግዚአብሔር የዐይናችንን ብርሃንና የልባችንን ማስተዋል አንድ ያድርግልን። አሜን።