ደግ ሕዝብ አለ?

«የዚህ አገር ሕዝብ ደግ ነው፤ የዚያኛው ጨካኝ ነው» እንላለን። ባሕር ማዶ የሚኖር ሰውማ «ሰዎቹ እንዴት ናቸው?» እየተባለ ይህን ፍርድ እንዲሰጥ ዘወትር ይጠየቃል። ለመሆኑ ሕዝብ በጅምላ ደግ ሊሆን ይችላል?

የምኖርባት ቶኪዮ ለእንግዳ አስቸጋሪ ከተማ ናት። አብዛኞቹ መንገዶቿ ስም የላቸውም፤ አድራሻ የሚነገረው በሰፈር፣ በብሎክና በቤት ቁጥር ነው። «ከፋርማሲው ዝቅ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» እየተባለ አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ብዙም አያስደንቅም። በየሰፈሩ «ኮባን» የሚሏት አነስተኛ የፖሊስ ጣቢያ አለች፤ ፖሊሶቹ ካርታ ዘርግተው ለጠያቂ ሁሉ መንገድ ያሳያሉ። እኔም በእጅ ስልኬ ካርታ ቢኖርም ሰው መጠየቁን አልተውኩም። ጃፓንኛዬ የተሰባበረ ነው። ስብራቱ ግን ይጠቅመኛል፤ እንግዳ መሆኔን ከአነጋገሬ የተረዳ ሰው ብዙ ጊዜ ጉዳዩን ትቶ እስከ መታጠፊያው ይሸኘኛል። «ጃፓኖች ደጎች ናቸው» ለማለት ሌላ ምን ማስረጃ ያሻል?

በሱሚዳ ወረዳ፣ ዮኮአሚቾ በተባለው መናፈሻ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ1973 የቆመ አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 ቶኪዮና አካባቢዋ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመቱ፤ እሳት ተነሣ፤ 100,000 ያህል ሰው አለቀ። ወዲያው «ኮሪያውያን የጉድጓድ ውኃ መርዘዋል፣ ቤት አቃጥለዋል» የሚል አሉባልታ ተናፈሰ። የሰፈር ሰዎች መሣሪያ ይዘው መንገድ ዘጉ፤ ከወታደሩና ከፖሊሱም የተባበራቸው ነበር። አላፊ አግዳሚውን እያስቆሙ «አሥራ አምስት የን ከሃምሳ ሴን» የሚለውን በጃፓንኛ እንዲናገር ያዙት ነበር፤ ለኮሪያዊ አንደበት የሚያስቸግር ቃል ነውና። አንደበቱ የተሰናከለ ተገደለ። በዚያ ሰሞን በሺሕ የሚቆጠሩ ኮሪያውያን ተጨፈጨፉ፤ ቻይናውያንና አነጋገራቸው ያስጠረጠራቸው የሌላ አውራጃ ጃፓናውያንም ሞቱ።

ዛሬ ለእኔ እርዳታ የሚያስገኝልኝ የተሰባበረ አነጋገር ያን ጊዜ የሞት ፍርድ ነበር። ታዲያ ፍርዳችንን ገልብጠን «ጨካኞች ናቸው» እንበል? ይህም አያስኬድም። በዚያው ሰሞን በዮኮሃማ የትሱሩሚ ፖሊስ አዛዥ የነበረው ኦካዋ ትሱኔኪቺ ጣቢያው ውስጥ ያስጠለላቸውን 300 ያህል ሰዎች ለተሰበሰበው ሕዝብ አሳልፎ አልሰጠም። አሉባልታውን የሰማው እንደ ሌላው ሁሉ ነበር፤ የተለየው በውሳኔው ነው።

ስለዚህ ደግነት የሕዝብ ጠባይ ነው የሚለውን አባባል እፈራዋለሁ። እኛም «እንግዳ ተቀባይ ነን» ማለት እንወዳለን። ይህ ስም እንደ ርስት የተላለፈልን ከመሰለን፣ አሉባልታ በተናፈሰ ዕለት የአያቶቻችንን ደግነት ተመክተን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። በሰላም ቀን መንገድ ማሳየት ብዙ አያስከፍልም። እንደ ኦካዋ በር ላይ ቆሞ «አልሰጥም» ማለት ግን ዋጋ አለው፤ ያን ዋጋ ደግሞ ሕዝብ ለማንም አይከፍልለትም፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ይከፍላል።