የትኛው ሥዕል ከፊት ይሰቀል?

ነቀምቴ ውስጥ ሥዕል ውጭ ሰቅላችሁ ስትቆሙ መጀመሪያ የምትሰሙት ጥያቄ «ሜቃ?» ነው። ስንት ነው? «ምንድን ነው?» የሚለው ከመጣም በኋላ ነው የሚመጣው።

የአክስቴ ልጅ ሠዓሊ ናት። ዓምና ጳጉሜ ላይ ለበዓል ባዛር ድንኳን ተከራየች፤ እኔም ላግዛት ከአዲስ አበባ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ስለ ሥዕል ብዙ አላውቅም፤ ስለ ሰው ዓይን ግን አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። እኛ ቢሮ አንዱን ቁልፍ ሁለት ቦታ አስቀምጠን የትኛው ብዙ እንደተነካ እንቆጥራለን። እዚያም ያንኑ አደረግኩ።

ከፊት የሰቀለችው ትልቁን ሥራዋን ነበር። መናኸሪያ ነው፤ ሴቶች ፍራሽና ጀሪካን ይዘው ተቀምጠዋል፤ አውቶብስ የለም። ያለፉትን ዓመታት ወለጋ ለኖረ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። አላፊው ቆም ይላል፣ ያያል፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ቦታ አቀያየርኩ፦ ጀበናና ረከቦት፣ የኦዳ ዛፍ፣ ፈረስ ወደ ፊት፤ መናኸሪያው ወደ ኋላ፣ ጣውላ ተደግፎ። እስከ ማታ 3 ጀበና ተሸጠ። የድንኳኑ ኪራይ ወጣ ማለት ነው። እሷም ምንም አላለችም፤ የቀለም ዋጋ የት እንደደረሰ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት መጥፎ አልነበረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማሩ ሠዓሊዎች ለውጭ አገር ሰዎች ጨርቅ ላይ እየሣሉ ይሸጡ ነበር፦ የዐድዋ ጦርነት፣ ግብር፣ አደን፣ የንግሥተ ሳባ ታሪክ። ገዢ ስለወደደው የሳባን ታሪክ ደጋግመው ሣሉት፤ ብዙ ጊዜም በ44 ክፈፍ ተከፋፍሎ ነው የሚታየው። በዚያ መንገድ ከተሣሉት መካከል ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ያሉ አሉ። ኒው ዮርክም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ኢኮኖሚው ተንኮታኩቶ ሳለ፣ ሠዓሊዎች ዋሽንግተን ስኩዌር አካባቢ እግረኛ መንገድ ላይ ሥራቸውን ደርድረው ሸጠዋል፤ ጃክሰን ፖሎክም ነበረበት። ስለዚህ «ለገበያ የተሣለ ሁሉ ውሸት ነው» ቢሉኝ አልቀበልም። የእሷ ጀበናም ውሸት አይደለም፤ በየቀኑ የምታፈላበት ነው።

ሌላም ነገር ነበር። የወለጋ ሙዚየም የገባ ሰው ሊያይ ወስኖ ነው የገባው። ባዛር ላይ ያለው ግን ለዶሮና ለቅቤ ነው የወጣው። ፍራሹን ተሸክሞ የተሰደደን ሰው፣ በበዓል ዋዜማ፣ ሳይጠይቅ ያንኑ ፊቱ ላይ መስቀል ተገቢ ነው? እስካሁን አልመለስኩትም።

በሁለተኛው ቀን ግን ዝናብ መጣ። የነቀምቴ ዝናብ «ልመጣ ነው» አይልም። ከላይ ያለው ሸራ በንፋስ ተገለበጠ (በአማርኛ የድንኳኑም የሥዕሉም ጨርቅ ሸራ ነው)። ሮጥኩ፤ ጀበናዎቹን አንድ በአንድ አነሳሁ፣ ፈረሱን፣ ኦዳውን። ዞር ስል መናኸሪያውን እሷ ደረቷ ላይ ታቅፋ ቆማለች፤ ውኃ ከፀጉሯ ይንጠባጠባል። ማንም ትእዛዝ አልሰጠኝም፤ እጄ ራሱ ነው ቅደም ተከተሉን የወሰነው። የሸጠውን አዳንኩ።

«ያንን ብትተወው አይገርመኝም ነበር» አለችኝ፣ ሳትቆጣ። ቢሸጥ ኖሮ አነሳው ነበር ልላት አልኩና ተውኩት፤ ይብስ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እሷው ከፊት መለሰችው። የተሸጠው 1 ብቻ ነው። አንዲት እናት ግን ረጅም ጊዜ ቆመው፣ ጥጉ ላይ ወዳለው ባለ አበባ ፍራሽ እያመለከቱ «ይሄ የኔ ነበር» አሉና ሳቁ። ዋጋ አልጠየቁም። የእኔ ቆጠራ ውስጥ እሳቸው ዜሮ ናቸው።

ሰሞኑን ደውላ ለዘንድሮው ባዛር እየተዘጋጀች መሆኑን ነገረችኝ። 6 ጀበና ጨርሳለች። መናኸሪያውን ታመጪዋለሽ ወይ ብዬ ግን አልጠየቅኳትም።