የጋይዳንስ ክፍሉን ለተረከብሽው

ልጄ፣ የትምህርት ቤቱን የምክር አገልግሎት ክፍል መረከብሽን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለሽ። ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሙያ ነውና የሚያሰጋኝንም አልደብቅሽም። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪ ወደ ጋይዳንስ ቢሮ የሚላከው ሲያጠፋ ነው። ያረፈደ፣ የተደባደበ፣ ያለ ዩኒፎርም የመጣ፣ ወላጅ አምጣ የተባለ እዚያ ደጃፍ ይቆማል። ነገ ምን ልሁን ብሎ እንቅልፍ ያጣው ልጅ ያንን በር የቅጣት በር አድርጎ ስለሚያየው አይጠጋውም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ከርዕሰ መምህሩ ጋር በአክብሮት ተነጋግረሽ የዲሲፕሊኑን ጉዳይ ከቢሮሽ አስወጪ። ይህ ካልሆነ ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ ከንቱ ነው።

የያዝሽው ሙያ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅምሻል። ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1908 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የሙያ ምርጫ ምክር የሚሰጥ ቢሮ ከፈተ። ወደ እሱ ይመጡ ከነበሩት ብዙዎቹ የስደተኛና የድሃ ልጆች ነበሩ። ያስተማራቸው ሦስት ነገር ነው፤ ራስን ማወቅ፣ የሥራውን ዓለም ማወቅ፣ ከዚያም ሁለቱን በጥንቃቄ ማመዛዘን። ሰውየው በዚያው ዓመት አረፈ፤ መጽሐፉም ከሞተ በኋላ በ1909 ታተመ። ሦስቱ ነገሮች ዛሬም አልተሻሩም።

የተሻረው ምክር አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትምህርት ሲያልቅ ከተሰጠ ይበቃል የሚለው ሐሳብ ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በ14 አገሮች አጥንቶ በ2004 ያወጣው ዘገባ ይህንኑ አጋልጧል። አገልግሎቱ በአብዛኛው ለተማሪና ለሥራ አጥ ብቻ እንደሚደርስ፣ በተወሰኑ የዕድሜ ምዕራፎች ብቻ እንደሚሰጥ፣ የሚያተኩረውም በዕለቱ ውሳኔ ላይ እንደሆነ አሳየ። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሰው በየትኛውም ዕድሜው የሙያ ምክር ሊያገኝ ይገባል የሚል ውሳኔ አሳለፈ። በ2008 ሌላ ውሳኔ ጨመረና አራት ነገሮችን አስቀደመ፤ ሰው የሥራ ሕይወቱን ራሱ የሚመራበትን ችሎታ ማስተማር፣ አገልግሎቱን ለሁሉም ማዳረስ፣ ጥራቱን መጠበቅ፣ የሚመለከታቸውን አካላት ማቀናጀት።

በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ የአውሮፓ የዕድሜ ልክ የሙያ ምክር ፖሊሲ መረብ ተመሠረተ። ማስተባበሪያው ፊንላንድ ውስጥ በዩቫስኩላ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ወደ ሠላሳ የሚሆኑ አገሮች እየተገናኙ ሲሠሩ ቆይተው በ2015 የጋራ መመሪያ አወጡ። በእኔ ግምት የመረቡ ትልቁ ፍሬ መመሪያው አይደለም። ትልቁ ፍሬ የአንድ አገር የትምህርትና የሥራ ባለሥልጣናት እኩል የሚቀመጡበት ጠረጴዛ መገኘቱ ነው። በየአገሩ ተማሪው በአንዱ መሥሪያ ቤት፣ ሥራ ፈላጊው በሌላው ይመዘገባል፤ ሰውየው ግን አንድ ነው። ይህን ለማየት አንዳንዴ ከአገር ወጥቶ ከጎረቤት ጋር መቀመጥ ያስፈልጋል። የኅብረቱ ድጋፍ ሲያበቃ ግን መረቡም በዚያው በ2015 ሥራውን አቆመ። እዚህ ላይ ቆም በይ፣ ልጄ። ፕሮጀክት ሲመጣ የሚሟሟቅ፣ ፕሮጀክት ሲወጣ የሚዘጋ ቢሮ እኛ አገር ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንቺ የምትሠሪውን ግንኙነት በገንዘብ ላይ አታንጠልጥዪው።

ከእነሱ የሚኮረጅ ነገር ካለ የፊንላንዱ ነው። እዚያ ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል የሙያ ምክር ራሱን የቻለ የትምህርት ጊዜ አለው፤ በሦስቱ ዓመት በድምሩ 76 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ውጭ ለብቻ የሚመከርበትም አለ። 9ኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ቀጣይ ቦታ እስኪይዝ ድረስ የመከታተል ግዴታው የትምህርት ቤቱ ነው፤ ካልተሳካም ኃላፊነቱ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ይዞራል። ዕድሜያቸው ከ30 በታች ለሆኑ ወጣቶች ደግሞ ኦህያሞ የሚባሉ ማዕከሎች አሏቸው። የሥራ ስምሪቱም፣ የማኅበራዊ አገልግሎቱም፣ የትምህርቱም ባለሙያ እዚያው ስለሚገኝ ወጣቱ ከቢሮ ቢሮ አይንከራተትም። ቁም ነገሩ ሕንፃው አይደለም። ቁም ነገሩ "ያ ልጅ የት ደረሰ?" ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት ሰው መኖሩ ነው።

እስቲ ይህንን ጥያቄ ወደ እኛ አምጪው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ እንኳ አልሞሉም፤ 3.3 ከመቶ መሆናቸው ነው። በማግሥቱ ዓመትም ከዚያ አልተሻለም፤ 3.2 ከመቶ። በሪሚዲያል (ማካካሻ) ትምህርት ሌላ ዕድል ያገኙ ነበሩ። የቀሩት ግን የት ሄዱ? ስለ ፈተናው ብዙ ተባለ፤ ስለ ልጆቹ ቀጣይ መንገድ የተባለው ጥቂት ነው። በዚያው በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም ቴክኒክና ሙያው፣ ሥራ ፈጠራውና የአሠሪና ሠራተኛው ጉዳይ አንድ ጣራ ሥር ገቡ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ቀረ። ልጁ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ቦታ ላይ ማን ቆሟል? በእኔ እምነት አንቺ ነሽ። ሌላ ሰው እስኪመደብ አትጠብቂ።

ተማሪ ብቻም አይደለም የሚሻገረው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙዎቹ ከተማሪዎችሽ ብዙም በዕድሜ የማይርቁ ነበሩ። በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ሴት ዓረብኛ ተናግራለች፣ ሕፃን አሳድጋለች፣ በሽተኛ አስታምማለች፣ ዘመናዊ ወጥ ቤት አስተዳድራለች። ይህ ሁሉ ችሎታ ነው፤ ነገር ግን "የትምህርት ደረጃሽ?" ተብላ ስትጠየቅ "8ኛ" ብላ ዝም ትላለች። ያላትን ዘርዝራ እንድታውቅ፣ የሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ተፈትና በወረቀት እንድታስመሰክር የሚረዳት ሰው ያስፈልጋታል። የዕድሜ ልክ ምክር ሲባል እኔ በቅድሚያ የማስበው እሷን ነው። የአገሮች ትብብርም ለእኛ ከሁሉ በፊት ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው፤ የላከም የተቀበለም አገር የሠራተኛዋን ችሎታ በአንድ ዓይን እንዲያየው ማድረግ። የእሷ ታናሽ እህት ክፍልሽ ውስጥ እንደምትቀመጥም አትርሺ።

ከውጭ የሚመጣውን ስትወስጂ ግን እየመረጥሽ ይሁን። በሌላ አገር የተሰናዱ የፍላጎት መለኪያ መጠይቆች ተተርጉመው ይመጣሉ። ልጁ አይቶት የማያውቀውን ሥራ "ትወዳለህ ወይስ አትወድም?" ብለው ይጠይቁታል፤ እሱም ለማስደሰት ሲል ያከብባል። ከዚያ ውጤቱ እንደ ፍርድ ይነበብለታል። ይህን አታድርጊ። ከዚህም የሚከብድ አለ። የአውሮፓው መመሪያ የሚነሣው ግለሰቡ ለራሱ ይወስናል ከሚል ነው። የእኛ ልጅ ብቻውን አይወስንም። አባቱ በሬ ሸጦ ያስተማረው፣ እናቱ "ዶክተሬ" እያለች ያሳደገችው፣ ታላቅ ወንድሙ ትምህርቱን አቋርጦ የከፈለለት ልጅ ናቹራል ወይስ ሶሻል ብሎ ሲመርጥ የቤተሰቡን ተስፋ ተሸክሞ ነው። "የራስህን ልብ ብቻ ስማ" ብትዪው ከቤቱ ታጣዪዋለሽ። ወላጆቹን ጥሪ። ስለ ጥፋት ሳይሆን ስለ ልጁ ተስፋ የተጠራ ወላጅ እንዴት ጎንበስ ብሎ እንደሚያዳምጥ ታዪያለሽ። ኤሌክትሪሺያንም፣ የመስኖ ቴክኒሻንም፣ የልብስ ስፌት ባለሙያም ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚያገኝ በሥራው ላይ ካለ ሰው አንደበት ይስሙ፤ ከአንቺ አይሁን።

ለብቻሽ አትሥሪ። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የየአገሩን የሙያ አማካሪዎች የሚያሰባስብ ዓለም አቀፍ ማኅበር አለ፤ ለአማካሪ የሥነ ምግባር ደንብም አውጥቷል። ደንቡን ፈልገሽ አንብቢ፤ በተለይ የተመካሪን ምስጢር ስለመጠበቅ የሚለውን። ከውጭ ባልደረባ ጋር ስትጻጻፊ "እርዱን" በሚል አትጀምሪ። የራስሽን ጥያቄ ይዘሽ ቅረቢ፤ ለምሳሌ ቤተሰብ አብሮ የሚወስንበትን ምክር እናንተ እንዴት ታደርጉታላችሁ በዪ። ስለዚህ ጉዳይ እኛ የምናስተምራቸው አለን።

ከውጭው ሁሉ በፊት ግን ቅርብሽን ያዢ። የዘንድሮው የ12ኛ ክፍል ውጤት ከመውጣቱ በፊት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁን ዲን፣ የወረዳውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ በአጎራባች ትምህርት ቤቶች ያሉ አማካሪዎችን፣ ሁለት ሦስት ቀጣሪዎችንና ከዓረብ አገር የተመለሰች አንዲት ሴት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰብስቢ። አበል የለም በዪ፤ ቡና አፍዪላቸው። የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ አኑሪና ማለፊያ ውጤት ባይመጣለት እያንዳንዱን ልጅ ማን እንደሚከታተለው እዚያው ተከፋፈሉ። ቀኑን ስትቆርጪ ላኪብኝ፤ እግሬ ከፈቀደልኝ እኔም ከዝርዝሩ ጥቂት ልጆች እወስዳለሁ።