የተሸጠልን ዕቃ የማን ነው?

አንድ ሰው ከአናጢ ቤት ቁም ሳጥን ገዛ እንበል። ዋጋውን አንድ ሳንቲም ሳያጎድል ከፍሎ ወደ ቤቱ ወሰደው። ከዓመት በኋላ ግን አናጢው ሌሊት በራሱ ቁልፍ ገብቶ አንዱን መሳቢያ ነቅሎ ሄደ። ሲጠየቅም «መሳቢያውን ለሁልጊዜ አልሸጥኩልህም፤ ከፈለግህ በየወሩ እየከፈልክ ተጠቀምበት» አለ። ምን ትፈርዱበታላችሁ? ቃዲ ዘንድ መድረስ ሳያስፈልግ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ ጥፋተኛ እንደሚለው አያጠራጥርም። በእንጨት ዕቃ ላይ ቢደረግ ማንም የማይታገሰው ይህ ድርጊት፣ በኮምፒዩተር ፕሮግራሞችና በእነርሱ በሚንቀሳቀሱ ዕቃዎች ላይ ሲፈጸም ግን እንደ ተራ ነገር መታየት ጀምሯል። ለመሆኑ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ነገሩ ተረት እንዳይመስላችሁ በግልጽ የታወቁ ምሳሌዎችን እንመልከት። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ ያቀረበው ፕሌይስቴሽን 3 የተሰኘ የጨዋታ መሣሪያ፣ ባለቤቱ ሊነክስ የተባለውን ፕሮግራም ጭኖበት እንደ ኮምፒዩተር እንዲሠራበት ያስችል ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2010 ግን ኩባንያው በላከው ማሻሻያ ይህ ጥቅም ተነሣ። ማሻሻያውን አልቀበልም ያለ ሰው ደግሞ ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት መጫወት አይችልም ተባለ። ገዢው ሁለቱንም ከፍሎባቸው ሳለ አንዱን መርጦ ሌላውን እንዲያጣ ተገደደ።

ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ደንበኞቹ በኤሌክትሮኒክ ማንበቢያቸው ላይ ገዝተው ያስቀመጧቸውን የጆርጅ ኦርዌል ሁለት መጻሕፍት ከርቀት ደምስሶባቸዋል። ምክንያቱ መጻሕፍቱን ያቀረበው ወገን መብቱ የሌለው መሆኑ ሲሆን፣ ኩባንያው ገንዘቡን መልሷል፤ ኃላፊውም በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። ይሁን እንጂ ገንዘብ መመለሱ ነገሩን ሙሉ በሙሉ ያስተካክለዋልን? በፊቅህ ሊቃውንት ዘንድ የተፈጸመን ሽያጭ በስምምነት ማፍረስ «ኢቃላ» ይባላል፤ ይህም የሁለቱንም ወገኖች ፈቃድ ይጠይቃል። አንዱ ተኝቶ ሳለ ሌላው ብቻውን የሚያፈርሰው ሽያጭ ግን ሌላ ስም ሊሰጠው የሚገባ ነገር ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ የወርሃዊ ክፍያው ነው። ለሥዕል፣ ለፎቶግራፍና ለኅትመት ሥራ የሚያገለግሉ ፕሮግራሞችን የሚያዘጋጀው አዶቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣውን ሙሉ ጥቅል በ2,599 ዶላር ይሸጥ ነበር። የገዛ ሰው ኮምፒዩተሩ እስካገለገለው ድረስ ይሠራበታል። በ2013 ግን ከእንግዲህ አዳዲሶቹ በክፍያ ዘመን ብቻ እንደሚሰጡ አስታወቀ፤ ዋጋውም በወር 50 ዶላር ገደማ ሆነ። እስቲ አስሉት፤ በ52 ወር፣ ማለትም አራት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ የቀድሞው ጥቅል ዋጋ ተከፍሎ ያልቃል። ከዚያም ክፍያው ይቀጥላል። ያቋረጠ ሰው ፕሮግራሙን ብቻ ሳይሆን በእርሱ ያዘጋጀውን የራሱን ሥራ ከፍቶ የሚያርምበትን መንገድ ጭምር ሊያጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛኑን እንዳይስት ያስፈልጋል። ኪራይ በራሱ ነውር አይደለም። ሸሪዓችንም ሽያጭንና ኪራይን፣ «በይዕ»ንና «ኢጃራ»ን፣ ሁለቱንም ፈቅዶ ለየብቻቸው ደንብ አበጅቶላቸዋል። በሽያጭ ዕቃው ራሱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። በኪራይ ግን የሚተላለፈው የዕቃው ጥቅም ነው፤ እርሱም ለታወቀ ጊዜ፣ በታወቀ ዋጋ። ለሦስት ወር ሥራ ብቻ ፕሮግራም የሚያስፈልገው ሰው ሙሉውን ዋጋ ከሚያወጣ የሦስት ወር ኪራይ ቢከፍል ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ፕሮግራሙን የሚሠሩ ሰዎችም ልጆች አሏቸው፤ ስህተቱን ሲያርሙና ከሌቦች ሲጠብቁት ውለው ያድራሉ፤ ለዚህ ድካማቸው ዋጋ መጠየቃቸው ሐቃቸው ነው።

ታዲያ በደሉ የት ላይ ነው? በደሉ ያለው የሽያጭን ስም ይዞ፣ የሽያጭን ዋጋ ተቀብሎ፣ የኪራይን ቁልፍ በእጅ ማስቀረቱ ላይ ነው። ሚዛን ማጉደል ማለት በኪሎ ብቻ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። ቃልም ይሰፈራል። «ሸጥኩልህ» የሚለው ቃል ሙሉ መስፈሪያ ነው፤ ውስጡን በ«አከራየሁህ» ሞልቶ የሚሰጥ ሰው መስፈሪያውን አጉድሏል። ከቁርኣን ምዕራፎች አንዱ ስሙን ከሰፋሪ አጉዳዮች መውሰዱ፣ ነገሩ በአላህ ዘንድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማሳየት ይበቃል።

ሻጮቹ የሚያቀርቡት መልስ አላቸው። «ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ገዢው እስማማለሁ ብሎ ተጭኗል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ተጽፏል። ነገር ግን በትልቁ የተጻፈው «ግዛ» የሚል ሲሆን፣ «አልሸጥንልህም፤ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ሰጠንህ» የሚለው በደቃቅ ፊደል፣ በብዙ ገጽ መካከል ተደብቆ ነው። በትልቅ ድምፅ ያወሩትን በሹክሹክታ መሻር ከአማና ሰዎች የሚጠበቅ ነውን? የዓለም ፍርድ ቤቶችም በዚህ ጥያቄ አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ያገለገሉ የአውቶካድ ቅጂዎችን መልሶ በሸጠ ሰው ጉዳይ፣ ቅጂዎቹ በፈቃድ የተሰጡ እንጂ የተሸጡ አይደሉም ብሎ ፈረደ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደግሞ ዋጋ ተከፍሎበት ጊዜ ሳይወሰንለት የተሰጠ ቅጂ ተሽጧል፣ ገዢውም መልሶ ሊሸጠው ይችላል ሲል በየነ። የካሊፎርኒያ ግዛት በበኩሏ በ2024 ባወጣችውና ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ፣ ፈቃድ ብቻ መሆኑን ገዢው በግልጽ ሳያውቅ «ግዛ» የሚለውን ቃል መጠቀምን ከልክላለች። ሕጉ ዕቃውን ለገዢው አላስመለሰም፤ ቃሉን ግን ወደ ቦታው ለመመለስ ሞክሯል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

«ሰርቨር ለዘላለም ማንቀሳቀስ አይቻልም» የሚለውም ክርክር እውነትነት አለው። ማንም ሰው ለዘላለም እንዲያገለግል አይገደድም። ነገር ግን በመልካም መለያየትም አለ። ከላይ የወቀስነው አዶቢ ራሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣቸው ፕሮግራሞች የገዢውን ማንነት የሚያረጋግጡበትን ሰርቨር በዘጋ ጊዜ፣ በ2013 መግቢያ ላይ ያለ ማረጋገጫ የሚሠራ ቅጂ ለደንበኞቹ አቅርቧል። በአንጻሩ ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2014 የሸጠው «ዘ ክሩ» የተሰኘ ጨዋታ፣ በማርች 2024 ሰርቨሩ ሲዘጋ ለብቻው ለሚጫወተውም ሰው ጭምር አብሮ ሞቷል። ሁለቱም አገልግሎት አቋርጠዋል፤ አንደኛው ግን ሲሄድ ቁልፉን ለባለቤቱ ትቶ ሄዷል።

ውድ አንባቢያን! እስካሁን የተናገርነው ስለ ሩቅ ሰዎች ነው። ሩቁን መውቀስ ደግሞ ቀላል ነው። አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስና ከባዱን ጥያቄ እንጠይቅ፤ ሻጩ ቃሉን አጉድሎብናልና እኛስ ፕሮግራሙን ሰብረን፣ ቅጂውን ከሰው ተቀብለን ብንጠቀም ምን አለበት?

ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ ሳንጠይቅ በሥራ መልሰነዋል። ይሁንና በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባዔ፣ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ መሆናቸውን፣ ሊደፈሩም እንደማይገባ ወስኗል። በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራም የቅጂ መብት ጥበቃ ተደርጎለታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሌላው ክህደት ለእኛ ክህደት ፈቃድ አይሆንም። አንድ ሰው የከፈለበትንና የተነጠቀውን የራሱን ዕቃ ማስመለሱ አንድ ነገር ነው፤ ይህም ሊቃውንትን ሊጠይቅበት የሚገባው ጉዳይ ነው። ያልከፈለበትን «እነርሱም ሌቦች ናቸው» ብሎ መውሰዱ ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሐቅን መፈለግ ነው፤ ሁለተኛው በሰው ኃጢአት ጥላ ሥር መደበቅ ነው።

የቃሉ በሽታም በእነርሱ ብቻ አልቀረም። ከሰው የተቀዳ ፕሮግራም የጫነበትን ኮምፒዩተር «ኦሪጅናል ነው» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ በመካከላችን የለምን? ያንን ነጋዴና «ግዛ» ብሎ የሚያከራየውን ኩባንያ የሚለያቸው የገንዘባቸው ብዛት ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከመግዛታችን በፊት እንጠይቅ፤ ይህ ሽያጭ ነው ወይስ ኪራይ? ኢንተርኔት ቢቋረጥ ይሠራል? ክፍያ ባቆም የልጆቼ ፎቶግራፍ፣ የመድረሳው መዝገብ፣ የሱቁ ሒሳብ ይከፈትልኛል? ሥራችንን ሌላ ፕሮግራምም ሊከፍተው በሚችል መልክ እየገለበጥን እናስቀምጥ። አቅም ላነሰው ደግሞ ሐላል የሆነ መንገድ አልጠፋም፤ እንደ ሊብሬኦፊስና ጊምፕ ያሉ፣ ሠሪዎቻቸው ራሳቸው ማንም እንዲገለብጣቸውና እንዲጠቀምባቸው የፈቀዷቸው ፕሮግራሞች አሉ። ለልጆቻችንም «ሁሉም ሰው ያደርገዋል» የሚለው ቃል ሐራሙን ሐላል እንደማያደርገው በዚሁ አጋጣሚ እናስተምራቸው።

«ሁሉም ነገር የአላህ ነው፤ እኛ ምን አለንና?» የሚል ሊኖር ይችላል። ልክ ነው፤ በእጃችን ያለው ሁሉ አማና ነው። ነገር ግን አማና መሆኑ ነው ሐቁን ከባድ የሚያደርገው። የሸጠ ሸጥኩ ይበል፤ ያከራየ አከራየሁ ይበል፤ የገዛም የከፈለበትን ብቻ የእኔ ይበል። ወሏሁ አዕለም።