ሁለት መስፈሪያ ያለው ገበያ

ገበያ ለውጭ ሸቀጥ ይከፈት ወይስ ይዘጋ? የኢኮኖሚ ሊቃውንት በዚህ ሲከራከሩ ዘመናት አልፈዋል። ለሙስሊም ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ መስፈሪያው አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ቁርኣን በሱረቱል ሙጠፊፊን አጥብቆ የሚያስጠነቅቀው ነጋዴን ሁሉ አይደለም፤ ለራሱ ሲሆን ሞልቶ ተቀብሎ ለሌላው ሲሆን የሚያጎድለውን ነው። ይህ ጥፋት በእህል ቁና ብቻ አይወሰንም፤ መንግሥታትም ይፈጽሙታል።

ጥጥን እንመልከት። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1700 እና በ1721 ባወጣቻቸው ሕጎች የሕንድን ጌጠኛ የጥጥ ጨርቅ ከገበያዋ አስወጣች። የራሷ ፋብሪካዎች ከጠነከሩ በኋላ ግን የነፃ ንግድ ሰባኪ ሆነች። በእኛው ዘመንም አሜሪካ ሌሎች ገበያቸውን እንዲከፍቱ እየወተወተች፣ ለራሷ ጥጥ አምራቾች በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ስትደጉም ኖራለች። እንዲህ ያለ ድጎማ የዓለሙን ዋጋ ያወርዳል፤ ያለ ድጎማ የሚያርሰው አፍሪካዊ ገበሬ ላቡ ይረክስበታል። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2003 ማሊ፣ ቻድ፣ ቡርኪና ፋሶና ቤኒን ለዓለም ንግድ ድርጅት አቤት አሉ። ብራዚልም በዚሁ ድጎማ አሜሪካን ከስሳ ረታች፤ በ2014ም የ300 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ አገኘች። አጸፋ ለመመለስ ጉልበት ያልነበራቸው አራቱ ሀገሮች ግን እንዲህ ያለ ካሳ አላዩም። ለጉልበተኛ ብቻ የሚደርስ ፍትሕ ፍትሕ ይባላልን?

«እንግዲያው እኛም በራችንን እንዝጋ» የሚል ይኖራል። መልሱ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ኢማሙ ማሊክ በሙወጦእ እንደዘገቡት ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ስንዴና ዘይት ከሚያመጡ የነበጥ ነጋዴዎች የሚወስዱት ከሃያ አንድ እጅ ነበር፤ ከጥራጥሬ ግን ከአሥር አንድ። ምክንያታቸውም ስንዴውና ዘይቱ ወደ መዲና በብዛት እንዲገባ ነው። ቀረጡን የለኩት በሕዝቡ ማዕድ እንጂ በጥቂቶች ትርፍ አልነበረም። ስለዚህ ጀማሪ ሸማኔ እግሩ እስኪጸና የሚከለልበት ቀረጥ አንድ ነገር ነው፤ አንድ ባለሀብት ተፎካካሪ አጥቶ ደሃውን በውድ ዋጋ የሚገፍበት ቀረጥ ደግሞ ሌላ፣ እርሱም ዙልም ነው።

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። ኢትዮጵያ ለድርጅቱ አባልነት ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ክርክሩም ወደየሱቃችን ገብቷል። ከመካከላችን የምንሸጠው ዕቃ ሲሆን ድንበሩ እንዲዘጋ፣ የምንገዛው ሲሆን እንዲከፈት የምንመኝ ጥቂቶች አይደለንም። ዋሽንግተንን ስንወቅስ የየራሳችንንም ቁና እንፈትሽ።

ወላሁ አዕለም።